ወንዙ ጋ የቀረው መስመር

ትናንት ልጄ በስልኳ ካርታ ከፍታ፣ «አባዬ፣ ሰቆጣ ይኸውልህ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን ጣቴን እዚያው አጠገብ ወዳለው ወረዳ፣ ወደ ዝቋላ ነበር የገፋሁት። ካርታው ላይ መንገዱ ዛሬም ወንዙ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ጓደኛዬ ካሳ ወደ መንደሩ ሲሥል ያቆመበት ቦታ ነው።

ጊዜው አዲሱ ሚሊኒየም የገባ ሰሞን ነበር። ሰቆጣ አንዲት የኢንተርኔት ቤት ነበረች። አንድ እንግዳ፣ ማንም የሚያውቀውን መንገድ የሚጨምርበት የዓለም ካርታ መኖሩን አሳየንና የሄዱበትን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አውሶን ሄደ። ወይ ጉድ፣ ቤቷ በወጣት ጢም አለች! የደሃናው የደሃናን፣ የአበርገሌው የአበርገሌን መንገድ አስገባ። ታዲያ ሁሉም እስከ ገዛ ደጁ ሥሎ ሲያበቃ ብን አለ። አልፈርድባቸውም፤ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ምን ቀረው ይላል? የተማረ ልጅ ያልነበረው መንደር ሁሉ ግን ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ጓደኛዬ ካሳ ብቻ አልተወም። እህቱን ምጥ ይዟት የጤና ጣቢያው መኪና በስልክ ቢጠራ፣ ለአገሩ አዲስ የሆነው ሾፌር መንገዱ ጠፍቶበት ሌላ መንደር ሲዞር ዋለ። እሷ በቃሬዛ እንደተኛች አረፈች። ካሳ መሣሪያውን ይዞ በበጋ መኪና ወደ መንደሩ የሚያስገባውን ጥርጊያ መንገድ ተከተለ፤ ዝናብ ቀድሞት ወንዙ ሞላና ተመለሰ። እኔ ቤት እሳት ዳር ቆሎ እየቆረጠመ፣ «መስከረም ሲጠባ እጨርሰዋለሁ። ሌላ ሴት መንገድ ላይ አትቀርም» አለኝ።

ያ ዝናብ ግን በአንዴ ወርዶ በአንዴ ጠፋ። ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፣ የዝቋላ ወጣት በበረሃ በኩል ወደ ዓረብ አገር ነጎደ። ካሳም አብሮ ሄደ፤ ድምፁ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። እንግዳውም መጥቶ መሣሪያውን ወሰደ።

የካሳን እናት ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር ይጠይቁኝ ነበር።

«ልጄ፣ መንገዱ እኛ ደጅ ደረሰ ወይ?»

«ገና ነው፣ እማማ። ወንዙ ጋ ነው ያለው።»

«እንግዲያ ካሳዬም እዚያው ነዋ» አሉኝ አንድ ቀን። አይጠብቁት ማለት አቃተኝ። ሲጠብቁት ሞቱ።

ትናንት ይህን ሁሉ ስነግራት ልጄ ስልኩን ከእጄ ሳትቀበል፣ አሁን መሣሪያም እግርም እንደማያስፈልግ፣ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ እያዩ በጣት መሣል እንደሚቻል ነገረችኝ። ፎቶውን አቀረብኩት። ከወንዙ ማዶ የእነካሳ ሠፈር ጣሪያው ሁሉ ወድቋል፤ ክብ ክብ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። ከቤቶቹ መካከል ያለፈውን መንገድ ሣር በልቶታል።

«በል እንጂ፣ ጨርሰው» አለችኝ።

አሁን ብጨርሰው ማን ሊሄድበት ነው?