ጥላ የሚፈልግ ጆንያ

የሱንዱስ አንድ ተራ ቀን ወደ ስድስት መቶ ብር ይፈጃል። ታክሲ ደርሶ መልስ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ የወፍጮ ቤት አለ፣ ምሳ ሽሮ ከበላች እሱም አለ፤ ማታ ደግሞ ለልጇ ብስኩት ሳትይዝ አትገባም። ይህን ጠዋት ከቤት ስትወጣ ታውቀዋለች። የማታውቀው፣ እትዬ ለተብርሃን በዚያ ቀን ስንት ጊዜ በነገር እንደሚወጓት ነው።

ሁለቱ ጭድ ተራ አንድ መጋዘን ተካፍለው ይሠራሉ። ግማሹ የእትዬ ለተብርሃን ጭድና ድርቆሽ ነው፤ ግማሹ የሱንዱስ የከብት መኖ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ። ጠቡ የመጣው ሱንዱስ ለቦጋለ የተለየ መኖ ማዘጋጀት ስትጀምር ነው። ቦጋለ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሸራ በተነጠፈባቸው ኩሬዎች ሽሪምፕ ያረባል፤ ቅርፊት የለበሰች፣ እግረ ብዙ የውሃ ፍጥረት ናት። እሱ ራሱ በአፉ አያዞራትም፤ ለቻይና ምግብ ቤቶች ይሸጣታል። ሽሪምፖቹ እየታመሙ ሲያልቁበት፣ ሱንዱስ ሥልጠና ላይ የሰማችውን ነገረችው። መኖው ላይ ሕይወት ያላቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያሉበት ዱቄት ቢጨመር፣ አንጀታቸው ውስጥ ገብተው በሽታ አምጪዎቹን ቦታ ያሳጧቸዋል፤ መኖውም በደንብ ይፈጭላቸዋል። እሷ ዱቄቱን ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ዝልግልግ ሞላሰስ ትለውሰዋለች፤ ስለዚህ ጆንያው እርጥበት አያጣም።

«ባክቴሪያ» የሚለው ቃል እትዬ ለተብርሃን ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም።

«ይቺ ጀርም ነው የምትሸጠው» ይላሉ ለአላፊ አግዳሚው። «ላም ያለው ሰው በዚህ ባያልፍ ይሻለዋል።»

«እትዬ፣ እርጎ እኮ የሚረጋው በዚሁ ነው።»

«እርጎዬን ከትልሽ ጋር አታወዳድሪብኝ።»

ወተት የሚነግዱ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። የቀረላት ቦጋለ ነው። እሱም ከሄደ ግማሹን መጋዘን መያዝ አትችልም፤ እትዬ ለተብርሃን ደግሞ ያቺን ግማሽ ለእሳቸው እንዲያከራያቸው የመጋዘኑን ባለቤት መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

አንድ ቀን ቦጋለ ፒካፑን አቁሞ ጆንያውን እግሯ ሥር ወረወረው።

«ውሰጂ። እንደ ድሮው እየሞቱ ነው።»

«ውሃውን ትቀይራለህ?»

«አሁን ውሃ ልታስተምሪኝ ነው?»

እትዬ ለተብርሃን ከጭዳቸው መሀል ብቅ አሉ። «አላልኩም? ሰው ሰው መስላችሁ አመናችኋት።»

ሱንዱስ ጎንበስ አለች። ጆንያውን ፈትታ እጇን ሰደደች። መኖው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። እሷ ያሰረችው እርጥብ ነበር። እፍኝ አወጣች፤ ከመሀሉ የጭድ ሰበዝ መዘዘች። በእሷ በኩል ጭድ የለም።

«ይሄን ማነው ያሰጣው?»

«እኔ ነኛ» አሉ እትዬ ለተብርሃን፣ ምንም ሳይደብቁ። «ወፍጮ ቤት በሄድሽ ቁጥር ደጅ ፀሐይ ላይ በቆርቆሮ አሰጣዋለሁ፤ ሲደርቅ መልሼ እቋጥረዋለሁ። ያንቺ እርጥብ ጭዴን እስኪያሻግትብኝ ልጠብቅ?»

ለነገሩ የተራው ደንብ ይኸው ነው። የረጠበ ያየ ሰው ያሰጣል፤ ባለቤቱን ማንም አይጠይቅም።

«የእኔ ዱቄት ሙቀት አይችልም። የጋለ ቆርቆሮ ላይ አሳረሩት ማለት ነው።»

«አሁን ደግሞ ጥፋተኛዋ እኔ ልሁን?»

«እትዬ፣ አብሲት ሳይበርድ ሊጥ ውስጥ ይጨምራሉ?»

«ምን ነክቶኝ። እርሾውን ይገድለው...» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱ ጆንያውን አዩት። ወዲያው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምነው፣ ሽሪምፕ ሊጥ ሆነች እንዴ?»

ቦጋለ አልሳቀም። «እናንተ ስትነታረኩ የኔ ኩሬ ባዶ ይቅር? ስሚ፣ አንድ ዕድል ነው ያለሽ። ዓይኔ እያየ ለውሺ። ግማሾቹን ኩሬዎች በዚህ፣ ግማሾቹን ዱቄት በሌለበት መኖ እቀልባለሁ። ልዩነት ካላየሁ አንተዋወቅም።»

«ይሁን። ግን መድኃኒት አይደለም፤ የታመመውን አያስነሳም። ጤነኛውን ነው የሚያግዘው።»

«ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

«ያኔም ነግሬሃለሁ። አንተ የሰማኸው የወደድከውን ነው።»

እያየ ለወሰች። ጆንያውን፣ የእሷ መሆኑ እንዲለይ፣ በአረንጓዴ ሲባጎ አሰረችና ፒካፑ ላይ ሸራ አልብሳ ሸኘችው። እትዬ ለተብርሃን ከኋላዋ ቆመው ነበር። «ከእንግዲህ አልነካልሽም» አሏት። «ሻግቶ ሲገማ ግን እንዳትጠሪኝ።»

ቦጋለ እስካሁን አልደወለም። ሱንዱስ በየጠዋቱ መጋዘኗን ትከፍታለች፤ መልሱ ደግ ይሆናል ብላም ለሚቀጥለው ጭነት ዱቄት አዝዛለች። ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አላት። በጭድ ተራ ስታልፉ፣ በአረንጓዴ ሲባጎ የታሰረ እርጥብ ጆንያ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ብታዩ፣ ለደግ አስባችሁም ቢሆን ፀሐይ ላይ አታውጡባት። ጀርም ሻጭ ናት ሲሏት ከሰማችሁም፣ ለሌላ ሰው ከመንገራችሁ በፊት ወደ እሷ ጎራ ብላችሁ ጠይቋት። ጆንያውን ፈትታ ታሳያችኋለች።