ባለ አራት እጁ ካርቦን

ልጅ ሳለሁ ሌላው ልጅ የጦጣና የቀበሮ ተረት እየሰማ ሲተኛ፣ እኔ ካርቦን ስለሚባል ባለ አራት እጅ ፍጥረት እየሰማሁ ነበር የምተኛው። ተራቹ የእናቴ ወንድም አያ ይርሳው ነበር። ጣልያን ሲገባ አዲስ አበባ የሚማርበት ትምህርት ቤት ተዘጋና፣ ስለ ምግብ ኬሚስትሪ የተጻፈ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ በጉያው ይዞ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ወዳለው ቀያችን መጣ። የመጽሐፉን ግማሽ ግን ፍየላችን በላችው። ስለዚህ ተረቱ ሁሉ ስብ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ «ከዚያስ?» ስንለው «ከዚያማ ፍየሏን ጠይቁ» ይለን ነበር።

ያኔ ላምባ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር የምንሰማው በፍም ብርሃን ነው። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አያ ይርሳው ካርቦን በአንዱ እጁ ወንድሙን፣ በሌላው ጎረቤቱን ይዞ በማሩም በገብሱም በቅቤውም ውስጥ እንዴት እንደሚሰለፍ ሲያወራ፣ እኔ የቃምኩት ቆሎ የሚጨብጠኝ እየመሰለኝ ምላሴን እሰበስብ ነበር።

ጣጣው የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። አያ ይርሳው ቅቤና የኑግ ዘይት የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለቱ በአጥቢያችን ቄስ ጆሮ ገባ። ቄሱ ደግሞ የእጮኛው የብዙነሽ አባት ናቸው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ፣ እናቴ ጌሾውን ወቅጣ ጨርሳለች። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ከች አሉ።

«አንተ! ኑግና ቅቤ ወንድማማች ናቸው ብለሃል አሉ። ሕዝቡን ልታስገድፍ ነው? እንዲህ ላለ ሰው ልጄን አልሰጥም!»

የአያ ይርሳው ፊት አመድ መሰለ። ብዙነሽን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚወዳት።

«አባ፣ ዘመድ ናቸው አልኩ እንጂ ብሉ አልወጣኝም። ዘመድማ ቂጣና ማርም ይዛመዳሉ። የቂጣው ዱቄት እኮ ስኳር ከስኳር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው፤ ምራቅ ሲያላቅቀው ይጣፍጣል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አላምጠው ይዩት።»

ቄሱ ግን ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቅ ትዕግሥት አልነበራቸውም። «አላምጬ እተፋዋለሁ፤ ውሸትህ አሁኑኑ ይለይ» አሉና፣ እኔ ለጾም ስላልደረስኩ በእጄ የያዝኳትን ቂጣ ቆርሰው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፣ አላመጡ። አያ ይርሳው በልቡ የሚጸልይ ይመስል ነበር፤ እኔ ደግሞ ለቂጣዬ አዝን ነበር። ቀስ በቀስ የቄሱ ግንባር ተፈታ።

«ኧረ ጣፈጠ!» አሉና ዋጥ አደረጉት።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ያዙ፤ በበሩ አሻግረው ፀሐይዋን አዩ። ለቀትር እንኳ ገና ነበረች።

«ይርሳው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ያ ባለ አራት እጅህ አፍ አለው?»

«የለውም፣ አባ።»

«አንተስ?»

«እኔም የለኝም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አፌን በመዳፌ ከደንኩ።

ሠርጉ በቀኑ ተሠረገ። እኔ ዛሬ አርጅቼም ያቺ ፍየል ካተረፈችው ኬሚስትሪ በላይ አላውቅም። ቄሱ ግን ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር ከካባቸው ሥር ትኩስ ቂጣ ያወጡልኝ ነበር። እናቴ «ምነው ይህችን ልጅ እንዲህ ወደዷት?» እያለች ትደነቃለች። እኔ አላምጥና፣ ሲጣፍጥልኝ እውጣለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።