አስር አለቃ ዋሴና ባለደብተሩ ባልደረባው

አስር አለቃ ዋሴ አዲሱን ባልደረባውን መፍራት የጀመረው ልጁ ገና ከጭነት መኪና ሲወርድ ነው። ጊዜው ጥቅምት 1970 ነበር። መተማ ዮሐንስ ከአማጽያን እጅ ከወጣች ጥቂት ወራት ቢሆናት ነው፤ ሰው ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ዙሪያውን ቃኝቶ ነበር። ዋሴ አጭር፣ ወፍራም፣ በንጉሡ ጊዜ የተቀጠረ የቆላ ፖሊስ ነው። አምባው ደግሞ ከማሠልጠኛ በቅርብ የወጣ ረጅም ቀጭን ጎረምሳ፤ በደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አለችው፣ ሰው ባወራ ቁጥር አውጥቶ ይጽፋል።

«ምንድን ነው የምትጽፈው ልጄ?» አለው ዋሴ በሁለተኛው ቀን።

«ልጄ ሳይሆን ጓድ ይበሉኝ፣ አስር አለቃ» አለና ደብተሩን ከደነ።

ዋሴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ሚስቱ ፈንቴ «ዝም በላ! ማን ተናገር አለህ?» ትለዋለች። እሱ ግን ሲፈራ ወሬ ይበዛበታል። ስለ እባብ፣ ስለ ሱዳን ግመል፣ ስለ ወባ ሲለፈልፍ ይውላል። ልጁ ይጽፋል።

አንድ ማክሰኞ ጧት የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ደሞዝ ሁለቱን ጠራና፣ ከኮኪት ወዲያ ካለ የሰሊጥ እርሻ ውባንተ የሚባል የጎጃም ሠራተኛ ይዘው እንዲመጡ አዘዛቸው።

«ለአጫጆቹ በራሪ ወረቀት ያነባል ተብሏል።»

ዋሴ በዚያ ክስ ጣቢያ ገብቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አያውቅም። ሊወጣ ሲል ደሞዝ ለብቻው መለሰውና፣ «ከልጁ ላይ ዓይንህን አትንቀል፤ የሚናገረውን ሁሉ ትነግረኛለህ» አለው።

ላንድሮቨሩ ስለተበላሸ የሄዱት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭነው ነው። መንገዱ ላይ ፈንጂ ተቀብሯል ይባላል። ተሳቢው በነጠረ ቁጥር ዋሴ «ማርያም!» ይላል።

«አስር አለቃ፣ በሥራ ሰዓት ማርያም አይባልም» አለው አምባው።

በሚቀጥለው ጉድጓድ ግን ራሱ አምባው «ማርያም!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ።

እርሻው ላይ የታጨደው ሰሊጥ ሂላ በሚሉት እስር እየተደገፈ ለመድረቅ ቆሟል። አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ተመለከቷቸው። ውባንተ ከዛፍ ሥር ተኝቶ በወባ ይንቀጠቀጣል። አምባው ቃሉን ተቀብሎ «ፈርም» ሲለው፣ ሰውየው እስክሪብቶውን እንደ ዱላ ጨብጦ ቆየና መለሰለት።

«አውራ ጣቴን ልስጥዎት ጌታዬ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያነበበው?» አለች አየሁሽ፣ ለሠራተኞቹ ምግብ የምታበስለዋ ሴት። «አሠሪያችንን ካቦውን ውኃ አነሰን ብሎ ስለተናገረው እኮ ነው!» ወዲያው የገዛ ቃሏ አስደነገጣትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አምባው ይህን አልጻፈም። ዋሴ አለመጻፉን አየ፤ ምክንያቱ ስላልገባው የባሰውን ፈራ።

ትራክተሩ እዚያው ስለቀረ በእግር ተመለሱ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ቅጠሉ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሦስቱም ይቆማሉ። ድንገት ጥይት ጮኸ። ሌላ ሁለት ተከተለ። አምባው ጠመንጃው ከእጁ ወድቆ መንገዱ መሃል እንደ ግንድ ተገተረ። ዋሴ በቀበቶው ጎትቶ ፈፋ ውስጥ ጣለውና ላዩ ላይ ወደቀበት።

«ገደሉኝ! ይነሡልኝ!» አለ አምባው ከሥር።

«ዝም በል! ከጥይት እኔ እሻልሃለሁ!»

እንደዚያው ተነባብረው ቆዩ። በኋላ አንድ ከርከሮ ከማሽላው ወጥቶ እየጋለበ መንገዱን አቋረጠ። ከኋላው ጠመንጃ የያዘ የእርሻ ዘበኛ እየተሳደበ ተከተለው፤ እነሱን ሳያይ አለፈ። አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ ውባንተ መንገዱ ላይ ተቀምጧል፤ የአምባው ጠመንጃ ጭኑ ላይ ነው።

ዋሴ እጁ ወደ ራሱ ጠመንጃ አልሄድ አለው። ውባንተ እየተንገዳገደ ተነሣና ጠመንጃውን በሰደፉ በኩል ለአምባው ዘረጋለት።

«ወደቀብዎት እኮ፣ ጌታዬ።»

አምባው ተቀበለ። «አስር አለቃ፣ ይህን ሰው ከወሰድነው…» ብሎ ቃሉን ዋጠ።

ዋሴ ወጥመድ መሰለው። «ውኃ ሽንቴ መጣ» ብሎ ማሽላው ውስጥ ገባ፤ ልጁ ብቻውን የፈቀደውን ያድርግ ብሎ ነው። ዘወር ሲል አምባውም በወዲያኛው በኩል ገብቷል። ሁለቱም በቂ ጊዜ ቆይተው ሲመለሱ ውባንተ እዚያው ቁጭ ብሏል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ዋሴ ተናድዶ።

«እናንተን ነዋ።»

እንግዲህ በአፍ መናገር ግድ ሆነ። ዋሴ ባልደረባውን ላለማየት ወደ ምዕራብ እያየ፣ «ያ ትልቁ ዛፍ ይታይሃል? ከሱ ወዲያ ደረቅ ወንዝ አለ። ማዶው ሱዳን ነው። ሂድ» አለ። አምባው ኮዳውንና የወባ ክኒኑን ሰጠው። ሰውየው እያዘገመ ሄዶ ማሽላው ዋጠው።

«መቶ አለቃ ስለ እርስዎ እንድጽፍ አዞኛል» አለ አምባው መንገድ ሲጀምሩ።

«እኔንም ስለ አንተ እንድነግረው። ምን ጻፍህ?»

አምባው ደብተሩን ገለጠ። «‹ዛሬም ስለ እባብ አወራ።› ‹ዛሬም ስለ እባብ።›»

ዋሴ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልወጣለትም።

ሽፍታ ተኩሶብን እስረኛው አመለጠ ሊሉ ተስማሙ። ጣቢያ ሲደርሱ አስቀድሞ የተጠራው አምባው ነው። በሩ ተዘጋ። ዋሴ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ የሽፍቶቹን ቁጥር እንዳልተነጋገሩ ትዝ አለው። አምባው ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ቀና ብሎም አላየው።

«ስንት ነበሩ?» አለው ደሞዝ፣ ገና ሳይቀመጥ።

ዋሴ ሌላ ውሸት ስላልመጣለት እውነቱን ተናገረ። «አላየሁም ጌታዬ። ልጁ ላይ ተኝቼ ነበር።»

መቶ አለቃው ለረጅም ጊዜ አፈጠጠበት። «እሱም ‹ላዬ ላይ ተኝተውብኝ ምንም አላየሁም› ነው ያለኝ» አለና ሳቀ። ሳቁን ቆርጦም አምባውን መልሶ ጠራና፣ «ሁለት ፈሪዎች! ገለጉ ሄዳችሁ ዝንጀሮ ጠብቁ» አላቸው።

ገለጉ መኪና እምብዛም የማይደርስበት ነበር። አንድ መኪና ሲመጣ ሁለቱም ለኛ ነው ብለው ይገረጣሉ። ዋሴ የፈራው ደሞዝን ብቻ አይደለም። ልጁ አንድ ቀን ቢጣላኝስ፣ ቢጠጣስ እያለ ይጨነቅ ነበር። አምባውም ስለ እሱ እንዲሁ። ስለዚህ አይጣሉም፣ አይጠጡም፣ አይለያዩም።

በዓመቱ ክረምት አምባው በወባ ወደቀ። ዋሴ ቤቱ አስተኛው። ልጁ በትኩሳት ሲቃዥ «ውባንተ፣ ሩጥ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ዋሴ ሦስት ቀን ጠያቂ ሁሉ «ተላላፊ ነው» እያለ ከደጅ መለሰ። የልጁን አፍ በመዳፉ ሲሸፍን፣ ፈንቴ በሩን ከውስጥ ዘግታ ትቆማለች። ባሏ ነግሯት አያውቅም፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ሰማች።

«ምን ተናገርኩ?» አለ አምባው ትኩሳቱ ሲለቀው።

«እናትህን ነው የጠራኸው» አለችው ፈንቴ፣ አጥሚቱን እያቀረበችለት።

ዋሴ በኋላ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ገለጉ ሰሊጥና ማሽላ ያርስ ጀመር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ አምባው የደንብ ልብሱን እነ ዋሴ ቤት ጥሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ገዳሪፍ ላይ የጎጃም ሠራተኞችን እየዞረ ስለ ውባንተ ጠየቀ፤ አውቀዋለሁ ያለ አልተገኘም። በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ ለዋሴ ይህንኑ ሊነግረው ሲጀምር፣ ሽማግሌው የሚፈሩት ሰው ባይኖርም እንደ ልማዱ መጀመሪያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።