ላሟን በሌንስ የለወጥኩ ጊዜ

ወፍ አነሳለሁ ስል ሰው ይስቅብኝ ነበር። ከሚሴ ውስጥ ካሜራ ማለት ሠርግ ነው፤ ካልሆነም የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ። ቅዳሜ ጠዋት ጨፋ ወርዶ፣ ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሽመላ የሚያሳድድ የባዮሎጂ መምህር ግን ጸበልም ዱዓም የሚያስፈልገው ሰው ነው። ባልደረቦቼ ሻይ እየጠጡ "ዛሬስ እሺ አለችህ?" ይሉኛል። ንዴቴ ቅርብ ነውና ሻዬን ሳልጨርስ ጥያቸው የሄድኩበት ቀን ጥቂት አይደለም።

የመጀመሪያው ካሜራዬ በፊልም የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ነበር። ሌንሱ አጭር ነው። ሰው ለማንሳት ይበቃል፤ ወፍ ለማንሳት ግን ወፏ ትከሻህ ላይ ካላረፈች አይረባም። ሠላሳ ስድስት ጊዜ አንስቼ ፊልሙን ደሴ አሳጥቤ ሳየው ሠላሳ ስድስት ነጠብጣብ ሆኖ ይመጣል። በኋላ ከጅዳ የተመለሰ የአክስቴ ልጅ ዲጂታል ካሜራ አመጣልኝ። ፊልም ከማባከን ተገላገልኩ እንጂ ነጠብጣቡ ያው ነጠብጣብ ነበር።

መላ ያገኘሁት ከላም ነው። እናቴ ስትሞት የተወችልኝን አንዲት ቀይ ላም ጨፋ ለሚኖር አንድ ገበሬ በርቢ ሰጥቼው ነበር። የርቢ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ላሟ የባለቤቷ ናት፣ ወተቷ የሚያረባት ሰው ቤት ይጠጣል፣ የምትወልደውን እኩል ይካፈላሉ። የገበሬው ቤት ረግረጉ ዳር ነው። ወፎቹ ሰው ሲያዩ ይበራሉ፤ ከብት ሲያዩ ግን ዞር ብለው እንኳ አያዩም። ይህን ያሳየኝ እሱ ነው። ላሟን በቀስታ ይነዳታል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ በሆዷ ተከልዬ እሄዳለሁ። እንደዚያ እያልን ሽመላዎቹ መሃል ገባን። ካሜራውን ጀርባዋ ላይ አስደግፌ አነሳሁ። የወፍ ዓይን በራሴ ፎቶ ላይ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስታዬን የማደርግበት ቢጠፋኝ ገበሬውን አቅፌ ሳምኩት።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። ስደርስ "አከም ቡልተን መምህር" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ከበሩ ይቀበለኛል፤ ሚስቱ እርጎ ታቀርብልኛለች። በመጨረሻ የወለዷት ሴት ልጅ ሁለት ዓመት አልሞላትም። እናቷ ዳግም ስላረገዘች ጡት ቀድማ ጥላለች፤ ስለዚህ ከላሟ ሥር አትጠፋም። እኔ ሳነጣጥር ዱብ ዱብ እያለች ሌንሱ ፊት ትደቀናለች። "ኧረ ይቺን ልጅ ውሰዱልኝ" እያልኩ እጮሃለሁ። ቶሎ ካልተወሰደች ፎቶው ውስጥ ትገባለች፤ ቤቴ ስገባ ያንን ፎቶ አጠፋዋለሁ።

ሰው ያለው አይበቃውም መቼም፣ እኔም በላሟ ማማረር ጀመርኩ። ትተነፍሳለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ዝንብ ባሳከካት ቁጥር ፎቶዬ ይበላሻል። በዚህ መሃል ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ሰው ኮንትራቱ አልቆ ሊሄድ ስለሆነ ረጅም ሌንሱን እንደሚሸጥ ሰማሁ። ሄጄ ሞከርኩት። ከመንገዱ ማዶ ሽቦ ላይ ያለች ድንቢጥ ላይ ባነጣጥር የደረቷ ላባ አንድ በአንድ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ሰውየው በሳምንቱ ይሄዳል፤ የመምህር ደመወዝ ሌንሱን ቀርቶ ማኅደሩንም አይገዛም። ያለኝ ላሟ ብቻ ነበረች። ደግሞም ረጅም ሌንስ ያለው ሰው ላም ምን ያደርግለታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በእኛ አካባቢ በርቢ ያለች ላም ጥጃዋ ሣር እስኪለምድ አትነካም። መለያየት ከመጣም ሽማግሌ ተቀምጦ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሽማግሌ ብጠራ ግን ክረምቱን ቆይ እንደሚሉኝም አውቅ ነበርና ሳልጠራ ብቻዬን ሄድኩ። ላሟን ከነጥጃዋ ባቲ ገበያ እንደማወጣት፣ የጥጃውንም ድርሻ እንደምሰጠው ነገርኩት። ገበሬው ላሟን አያት።

"መምህር፣ ላሟ ክረምቱን እንኳ ብትቆይልን። ልጅቱ በእሷ ነው ያለችው" አለኝ።

ገንፎ የምትበላበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች አልኩት። እኔ፣ ወላድም አሳዳጊም ያልሆንኩት። አልተከራከረኝም። ላሟ የእርስዎ ናት፣ አላህ ይባርክልዎ አለና እሱ ራሱ ገመዱን ይዞ ባቲ ድረስ ነዳልኝ። ድርሻውንም እዚያው እጁ ላይ አደረግኩለት። በሂሳብ አልበደልኩትም።

የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ ማሽላው ድንክ ሆኖ ቀረ። እኔ ግን በላሟ ዋጋ በገዛሁት ሌንስ የዕድሜዬን ምርጥ ፎቶዎች ያነሳሁት ያኔ ነው። እነሱ ቤት መድረስ አላስፈለገኝም። ከአስፋልቱ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጬ ሸለቆውን አቋርጬ ማንሳት ቻልኩ። እውነቱን ለመናገር የሌንሱ ርዝመት ብቻ አልነበረም ያስቀረኝ። ሚስቱ እርጎ የሌለበት እጇን ስትዘረጋልኝ ማየት አልፈለግኩም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ሦስት ሽመላዎች ተነስተው ወደ ማዶ ሲበሩ በሌንሱ ተከተልኳቸው። ያረፉት የመንደሩ መቃብር አጠገብ ነው። ከኋላቸው ወንዶች ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊት ያለው ገበሬው ነበር። በሁለት ክንዱ በነጭ የተገነዘ አንድ ትንሽ ነገር ታቅፏል። በዓይኔ ብቻ ባይ ነጠብጣብ ይሆን የነበረው ሰው በሌንሱ አጠገቤ መጣ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሳይቀር ይታየኛል። ጣቴ ልማዱ ነውና ቁልፉን ተጫነ። ምን እንዳነሳሁ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ለቅሶ ደረስኩ። ልጅቱ ክረምቱ ሲገባ ጀምሮ እየከሳች ሄዳ እንደነበር፣ በመጨረሻ ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ቢወስዷትም አቅም እንዳጣች ነገሩኝ። ገበሬው ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ፤ የአላህ ውሳኔ ነው አለኝ፣ እኔን እንደሚያጽናና ሰው። ስለ ላሟ ማንም አላነሳም። ቢያነሱና ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ላሟ ብትኖር ልጅቱ ትተርፍ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። ወተቷን ከአፏ የነጠቅኩት እኔ እንደሆንኩ ግን አውቃለሁ።

ልሄድ ስነሳ እናቷ ከጓዳ ወጣች። ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች።

"መምህር፣ ሲያነሱ ሁሌ ከፊትዎ ነበረች። የእሷ ሱራ አንድ እንኳ አይኖርዎትም?"

ፎቶዋን ፈልጌ አመጣለሁ አልኳት። ቤቴ ገብቼ የዓመታት ፎቶዎቼን ሁሉ ገለበጥኩ። ሽመላ ሲበር፣ ሽመላ ሲመገብ፣ ሽመላ ሲያንቀላፋ። እሷ የገባችባቸውን አንድም ሳልስት አጥፍቻቸዋለሁ። እሷ ያለችበት ፎቶ አንድ ብቻ ተገኘ፤ አባቷ ክንድ ላይ በነጭ ተጠቅልላ። ከዚያ ጥርት ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ የጨርቁ ክር ሳይቀር ይቆጠራል።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩና ለእናቷ የለኝም አልኳት።