አሥራ ስምንት ዲግሪ

ስለ ባሕር ውኃ የሚዋሽ ሰው ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ይዋሻል፤ የጡረተኛዋ መምህርት የሶልቬይ ጽኑ እምነት ይህ ነበር። በጎትላንድ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከጥድ ጫካው ማዶ ባለው ድንጋያማ መዋኛ፣ ከባሕሩ የወጣ ሰው ሊገባ ላለው የውኃውን ሙቀት በታማኝነት ይናገራል። ቴርሞሜትሩም ከመውረጃው መሰላል በገመድ ታስሯል።

አንድ ስሙን የማታውቀው ሽማግሌ ግን በየማለዳው ውሸቱን ይዞ ይወጣል። የሚደርበው ሮዝ የሴት ጋዋን እጅጌው ክርኑ ላይ ያልቃል፤ መቀነቱ ስለጠፋ ወገቡን በከረባት ያስራል። የሱፍ ቆቡን ሲዋኝ እንኳ አያወልቅም። ዓለቱ ላይ ሁለት ፎጣ ያነጥፋል፤ ገላውን የሚያደርቀው ግን በአንዱ ብቻ ነው።

«አሥራ ስምንት ዲግሪ!» አለ ዛሬም፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ከንፈርህ እኮ ጠቁሯል፣ ሰውዬ!»

«የጫካ ፍሬ በልቼ ነው፣ እሜቴ።»

ሶልቬይ ዳሌዋን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ሁለት በጋ ባሕሩን ከዳር ሆና ከማየት አላለፈችም፤ ዘንድሮም ካልገባች ዳግመኛ እንደማትገባ ታውቀዋለች። አሁን ግን በገዛ ገላዋ ልትመሰክርበት መሰላሉን ወርዳ እስከ አንገቷ ገባች፤ ቴርሞሜትሩንም አፈፍ አደረገች።

«አሥራ ሦስት ነው፣ አንተ ቀጣፊ!» ብላ ጮኸች፣ እየዋኘች።

«ባለቤቴ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ አልገባም ትል ነበር» አለ ከረባቱን እያጠበቀ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዝቅ ብሎ አያውቅም።»

ሶልቬይ ከባሕሩ ሳትወጣ ስለ እውነት ረጅም ተግሣጽ ሰጠችው። ይገባው የነበረው ግን ምስጋና ነበር።