የሴፋኮር እጅጌ

«ወንዙ ሞልቶ ማዶ ብትቀሪብኝ፣
ነጭ መሐረብ አንሺና ጥሪኝ፣
እኔም…»

ከ«እኔም» በኋላ ያለው ጠፍቷታል። ሴፋኮር ከማለዳ ጀምሮ ታንጎራጉረዋለች፤ እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ዜማው እንደ ተበጠሰ ክር ይንጠለጠላል። ጫፉን አርጥባ፣ አሹላ፣ መልሳ በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባው ትሞክራለች፤ አይገባላትም። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ክብ ሠርታ ስትጨፍር ታወርደው የነበረ ዘፈን ነው። እኔም ምን? እኔም እመጣለሁ? እኔም አለቅሳለሁ? እናቷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ደግሞም ዛሬ ዘፈን የሚታወስበት ቀን አይደለም። ሴፋኮር በጋና ምሥራቅ፣ በሆ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ፋሽን ዲዛይን ክፍል ውስጥ፣ ከረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች። ዕድሜዋ አርባ አራት ነው። ግራና ቀኟ የቆሙት ተማሪዎች ልጆቿ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። የልብስን ልክ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነድፎ ማውጣትን የሚያስተምረውን፣ «የወረቀት ቅድ» የሚባለውን ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ የዛሬው ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ከመቶ ሃምሳ ካላገኘች ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ የሦስት ዓመት ልፋቷም አብሮ ይሰረዛል። ከንጋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

የሚያናድዳት ፈተናው አይደለም፤ የፈተናው ዓይነት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። አንዲት ሴት ከሱቋ ስትገባ ከትከሻ እስከ ዳሌ አንድ ጊዜ ታያታለች፣ በሜትር ሦስት ቦታ ትለካታለች፣ ጨርቁን ዘርግታ በጠመኔ ሁለት ነጥብ ታደርጋለች፤ ከዚያ መቀሷ በጨርቁ ላይ እንደ ታንኳ ይነጉዳል። ወረቀት የሚባል ነገር በመካከል ገብቶ አያውቅም። የሰፋችው ልብስ ተመልሶ የመጣባት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የልብሱ ባለቤት አርግዛ ስለነበር ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ያወቀችው በበሩ አልነበረም፤ በጀርባ መግቢያው ነው። በየዓመቱ ተመራቂዎች የሚለብሱት ጥቁር ጋዋን ከእሷ ሱቅ ይሰፋ ነበር። እየቆጠረች፣ እያጠፈች፣ በሻሽ ጠቅልላ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ታስረክባለች። አንድ ዓመት፣ ከማስረከቧ በፊት፣ የሱቋን በር ቀርቅራ ከጋዋኖቹ አንዱን ለበሰችና ከመስተዋት ፊት ቆመች። አባቷ ሲታመሙ በአሥራ አምስት ዓመቷ ያቋረጠችው ትምህርት፣ ጥላው የወጣችው የልጅነት ደብተር፣ ሁሉም በዚያ መስተዋት ውስጥ ቆሞ የሚያያት መሰላት። ጋዋኑ የሌላ ሰው ልክ ነበርና ትከሻው ሰፋት። አወለቀችው፤ ተኮሰችው። በሳምንቱ ሄዳ ለማታ ትምህርት ቤት ተመዘገበች፤ በአምስተኛው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ገብታም ከወረቀት ጋር ተጣላች። የመጀመሪያውን ፈተና መስመር ማስመር አቅቷት ወደቀች። በሁለተኛው ከጠረጴዛው ስር ጨርቅ በእጇ ቆርጣ፣ የቆረጠችውን ወረቀት ላይ አንጥፋ ዙሪያውን ገለበጠችው፤ የጠመኔው ዱቄት ወረቀቱ ላይ ቀርቶ አጋለጣት።

«ደንቡን ደግሜ እናገራለሁ» አለች መምህርት ያይራ። ያይራ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ የሾለ። «ትናንት የሠራችሁት የወረቀት ቅድ ዛሬ ከሌላ ሰው እጅ ገብቷል። የተሰጣችሁን ወረቀት አቡጀዴው ላይ ታነጥፋላችሁ፤ ወረቀቱ እንዳለው ትቆርጣላችሁ፤ ወረቀቱ እንዳለው ትሰፋላችሁ። ባለቤቱን መጠየቅ የለም። ስልሳው ነጥብ በወረቀታችሁ፣ አርባው በስፌታችሁ የምታገኙት ነው።»

የሴፋኮር ወረቀት የደረሰው ለኤሊኬም ነበር። ኤሊኬም ጥቁር መነጽሩን ዝናብ ሲዘንብም ከግንባሩ የማያወርድ፣ ሲሰፋ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ የሚቆጥር የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው።

«እትዬ፣ ያንቺ እኔ ጋ ነው» አላት በሹክሹክታ። «አይዞሽ፣ ከመስመርሽ አንዲት ፀጉር ታህል አልወጣም።»

«ፀጉሩን ተወውና ዓይንህን ተጠቀም።»

«ዓይን አልተፈቀደም እኮ።»

«ኤሊኬም» አለች ያይራ፣ ቀና ሳትል።

ለሴፋኮር የደረሳት ደግሞ የሴላሲ ወረቀት ነበር። ሴላሲ ወሬዋ የማያልቅ፣ ሥዕሏ እንደ ሠርግ መጥሪያ የሚያምር ልጅ ናት፤ ወረቀቷም በሦስት ዓይነት ቀለም ተሰምሯል። እጅጌው ነፋ ያለ የሴት ሸሚዝ። ሴፋኮር ስታየው ልቧ ቀለል አለ። አርባው ነጥብ ከኪሴ ገብቷል ብላ አሰበች። መቀሱን አነሳች። ሌሎቹ ገና ስፒል ሲወጉ እሷ ቆርጣ ጨርሳ ከስፌት መኪናው ተቀምጣለች፤ እግሯ ሲረግጥ ዜማው መጣ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ መሐረብ ተነስቶ፣ «እኔም» ላይ ደርሶ ቆመ።

«እትዬ ሴፋኮር፣ ፈተና ላይ ነን» አለች ያይራ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ልብሶቹ ተራ በተራ «ሙሽሪት» ላይ ወጡ። ሙሽሪት ተማሪዎቹ ስም ያወጡላት፣ ራስ የሌላት፣ ክንዷ በጥጥ የታጨቀ የጨርቅ ገላ ናት። ሴፋኮር የሰፋችውን ስትለብስ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ትከሻው ተቀምጧል፣ እጅጌው እንደ ፈካ አበባ ከትከሻ ወርዷል። ሴላሲ አፏን በእጇ ያዘች።

ቀጥሎ ኤሊኬም ከሴፋኮር ወረቀት የሰፋው ወጣ። የቀኝ እጅጌው ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ከብብት ፊት ጨርቁ ተጨማዶ ተከምሯል፣ ከጀርባ ደግሞ ተወጥሯል።

«ሙሽሪት ክንዷን ተሰብራለች» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ክፍሉን ሞላው።

ሴፋኮር ወደ ኤሊኬም ዞረች። «አንተ ነህ ያጣመምከው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? እጅህ ነው የጠመመው። ሱሪህን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያሳጥርልህ።»

«እትዬ፣ ስድቡን እቀበላለሁ። ሜትሩ ይኸውና፣ ወረቀትሽን ያዥና ለኪው።»

ለካችው። ትከሻውን፣ ዙሪያውን፣ ቁመቱን። አንዲት ፀጉር አልወጣም። ንዴቷ የሚያርፍበት ትከሻ አጥቶ ወደ ራሷ ተመለሰ። ወረቀቱ የእሷ ነው፤ መስመሩም የእሷ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ እዚህ ይምጡ» አለች ያይራ። መምህርቷ ሴፋኮር የሰፋችውን ሸሚዝ አንድ እጅጌ ፈትታ፣ ጨርቁን ከሴላሲ ወረቀት ላይ አንጥፋው ነበር። ወረቀቱ ከጨርቁ ጎን ይታያል፤ ከፊት በኩል ጨርቁ አንድ አውራ ጣት ያህል ጎድሎ ገብቷል፣ ከኋላ ያንኑ ያህል ተርፎ ወጥቷል። «ይሄን ማን አዘዘዎት?»

«ምኑን?»

«ይሄን። ሴላሲ ፊትና ኋላውን እኩል ነው የሠራችው። እርስዎ ፊቱን ጎረድ አደረጉት፣ ኋላውን አሰፉት።»

ሴፋኮር ጎንበስ ብላ አየች። ጀርባዋ ላይ ያለ፣ ኖራ ኖራ የማታውቀው ምልክት በሰው መስተዋት የታያት ያህል ደነገጠች። አላደረግሁም ልትል ነበር፤ ጨርቁ ግን ከፊቷ ተዘርግቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇ ይህን ሲሠራ ኖሯል፤ አልነገራትም። በራሷ ወረቀት ላይ ግን፣ መቀስ በሌለበት፣ እርሳሱ ፊቱንና ኋላውን እኩል ያሰምራል።

«ከወረቀቱ ስለወጡ» አለች ያይራ ቀስ ብላ፣ «ስፌቱ ከአርባው አሥራ ሁለት ነው።»

«ማን የተሻለ ሰፋ? ያሳዩኝ።»

«ማንም አልሰፋም። ጥያቄው እሱ አይደለም።»

ሌሎቹ ወደየቦታቸው ሲመለሱ ሴፋኮር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ «እርስዎ» የሚለውም ከአፏ ወደቀ። «ያይራ፣ አንቺን አልብሼ የዳርኩሽ በዚሁ እጅ ነው። ሠርግሽ ዕለት መሐረብ አንስተሽ እስኪመሽ ስትጨፍሪ፣ ብብትሽ ስር ተቀደደብሽ?»

ያይራ በእጇ የነበረውን የተፈታ እጅጌ አጠፈች። ከዚያ፣ «አልተቀደደም» አለች። «ለዚህ ነው የፈታሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ማስተርሴን ስሠራ። እጅጌው እንዴት እንደዚያ እንደሚነሳ ላጠና ብዬ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። አልገባኝም። መልሼ ልሰፋውም አልቻልኩም። አምስት ዓመት ሆነው፣ በከረጢት ተቀምጧል።»

«የሠርግ ልብስሽን?»

«የሠርግ ልብሴን። ባሌ እስካሁን አያውቅም።»

ሴፋኮር ልትቆጣ ፈለገች፤ የትኛውን ቁጣ እንደምታስቀድም ጠፋት። ያንን ልብስ ሦስት ቀን ነበር የሰፋችው፤ የጥልፉ ክር ከድንበር ማዶ፣ ከሎሜ የመጣ ነው። «ብታመጪልኝ በአንድ ቀን እመልስልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን አንቺ እስካለሽ ድረስ ብቻ ነው» አለች ያይራ። ከዚያ እንደገና መምህርት ሆነች። «ደንቡ አንድ ጊዜ ማረም ይፈቅዳል፤ ወረቀትዎን ለማረም ሁለት ሰዓት አለዎት። ኤሊኬም እጅጌውን ዳግመኛ ይቆርጣል። ከስልሳው ሠላሳ ስምንት ያስፈልግዎታል።»

ሁለት ሰዓት። እርሳሱን ያዘች። ከብብቱ ጀመረች፤ መስመሩ እንደ በትር ቀጥ ብሎ ወጣ። አጠፋችው። ደገመች፤ አሁን ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ተወላገደ። አጠፋችው። ሦስተኛውን ስታጠፋ ወረቀቱ ሳሳና ብርሃን አሳለፈ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልጆቹ እንዳያዩባት ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ የሚያቃጥል ፀሐይ ነበር፤ የማንጎው ጥላ ስር ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይበላሉ። እግዜር ይህን እጅ ሰጥቶ ምላስ ነሳው፣ አለች በሆዷ። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ቁጭ ብላ ብትማር ኖሮ፣ ይሄኔ እርሳስ እንደ መቀስ ይታዘዛት ነበር።

ተናዳ እርሳሱን ጣለችው። እጇ ስራ ሲፈታ አልወደደም፤ ሳታስበው መቀሱን አነሳ። ሴፋኮር አየችው። መቀሱን እንደዘጋች ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፍና የጨርቅ እጅጌ የምትቆርጥ ያህል ነዳችው። ከፊት ሲደርስ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከትከሻው ጫፍ ላይ ዞረ፣ ከኋላ ሲወርድ ዘና አለ። ዓይኗን ስትገልጥ ወረቀቱ ላይ እንደ ድመት ጭረት የቀጠነ መስመር አለ። እርሳሱን ከወለሉ ለቀመችና ጭረቱን ተከትላ አጠቆረችው። አውራ ጣቷን በሜትር ለካች፤ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል። ያንን ጻፈች። «ፊት» ብላ ጻፈች፤ «ኋላ» ብላ ጻፈች። ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጀባት።

ኤሊኬም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆረጠ፣ ሰፋ። ሙሽሪት ለበሰች። እጅጌው ተቀመጠ። ያይራ የጨርቅ ክንዱን ወደ ላይ አነሳችው፤ ብብቱ አልተወጠረም። አውርዳ እንደገና አነሳችው፤ ፈተናው ከሚጠይቀው በላይ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ትከሻው ላይ ሽብሽቡ እኩል አይደለም» አለች በመጨረሻ። «አርባ አንድ።»

«ሽብሽቡ የእሱ ነው» አለች ሴፋኮር።

«ስንት ሽብሽብ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም፣ እትዬ። ተደምሮ ሃምሳ ሦስት። አልፈዋል።»

ሃምሳ ሦስት። ሴፋኮር ወረቀቱን ጠቅልላ ከብብቷ ስር አድርጋ ወጣች። ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ብስጭት ነው። መስፋት የማይችለው ኤሊኬም ሰባ አንድ አግኝቷል። አንድ ከተማ ሴት ያለበሰች ሴት በልብስ ስፌት ሃምሳ ሦስት ይዛ ትሄዳለች። ለሰው ብትናገር ማን ያምናታል?

ከማንጎው ስር ሴላሲና ኤሊኬም አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ትኩስ የአክፕሌ ገንፎና በሸክላ ሳህን የባሚያ ወጥ አለ።

«እትዬ፣ ነይ ብዪ» አለች ሴላሲ ቦታ እየለቀቀች። «ባንቺ ምክንያት ወረቀቴን ሌላ ሰው ነገ ሊሰፋው ነው። ለእማዬ ደውዬ አንደኛ ወጣሁ ብያት ነበር።»

«ደውለሽ ንገሪያት፤ እጅጌሽ ፊትና ኋላ የለውም።»

«ያንቺስ ዛሬ ጠዋት ነበረው?»

ኤሊኬም ሳቁን በጉሮሮው ዋጠ። ሴፋኮር አፈጠጠችበት፤ እሱ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ሽብሽቡን ስንት አደረግከው?» አለችው።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አራት ነው የሚሆነው።»

«የት ተጽፏል?»

ጥቅልሉን ከብብቷ አውጥታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፣ ተንፍሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሴላሲ ከጆጉ ውኃ አፈሰሰችላት፤ እጇን ታጠበች፣ ጠመኔው ከጥፍሮቿ ስር እስኪለቅ ድረስ አሸችው። ከአክፕሌው ቆርሳ ባሚያው ውስጥ አጠቀሰችና ዋጠች። ሁለተኛውን ልትቆርስ ስትል ከባሚያው ስር ማንም ያልነካው ዓሣ አየችና እጇ ቆመ።

«ይሄ ዓሣ የማነው?»

«ያንቺ ነው» አለች ሴላሲ።

ሴፋኮር ዓሣውን ወደ ራሷ ሳበችና በላች።