ሁለት ቧንቧ፣ አንድ ኸዛን

ተቀበሉት! የላክኩት ማስተካከያ ዛሬ ጠዋት ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ። አልጋዬ ላይ ቆሜ ዘለልኩ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጭንቅላቴን መታኝ፣ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

የምንኖረው ዓረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፦ እኔ፣ እማዬ፣ እና እትዬ የምላት አብራን የምትከራይ ሴት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለንም። እማዬ ሀደት ወደሚባለው ሰፈር ቤት ልታጸዳ ስትሄድ «በሩን እንዳትከፍቺ፣ ደረጃም እንዳትወርጂ» ትለኛለች። መስኮታችን ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ያለኝ መውጫ የእማዬ ማዳም የጣለችው ላፕቶፕ ነው።

በእሱ ነው ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማርኩት። ማንም በነፃ በሚጠቀምበት የድምፅ ማጫወቻ ውስጥ አንድ ስህተት አገኘሁ። ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ዝም ብሎ ሲቀይረው ደህና ይሠራል፤ «አፍጥነው» ሲባል ግን ድምፁ ይቆራረጣል። ለፕሮግራሙ ኃላፊ ጻፍኩለት። «እኔ ጋ ይሠራል። ምክንያቱን ካላሳየሽኝ ጥያቄሽን እዘጋዋለሁ» አለኝ። ከዚህ ክፍል ውጭ የሚያናግረኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እሱም ከዘጋው? ሁለት ሳምንት እዚያው ገጽ ላይ ሳፈጥ ከረምኩ። ክፍሉ ጠበበኝ፣ ኮዱም ጠበበኝ።

እሁድ ኩሽና ውስጥ ብርድ ልብስ ሳለቀልቅ እትዬ ከሻወር ጮኸች።

«ውሃው የት ሄደ? ያኒ፣ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ የውሃ ኸዛኑ ሞልቶ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ በኩሽናው ቧንቧ...»

«የኩሽናው ሌላ፣ የእኔ ሌላ!»

«ኸዛኑ እኮ አንድ ነው።»

«ኸላስ፣ አሁን ደግሞ አስተምሪኝ! ሳሙናው ዓይኔን ጨረሰው። ያላ፣ የመጠጡን ጀሪካን አምጪ!»

ጀሪካኑን አቀብዬአት ወደ ላፕቶፑ ሮጥኩ። ኮዱ ውስጥ ሁለት ፖይንተሮች አሉ፤ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ ያለ ቦታ የሚጠቁሙ አድራሻዎች ናቸው። አጠገባቸው «እነዚህ ሁለቱ አንድ ቦታ አይነኩም» ብሎ ለኮምፓይለሩ ቃል የሚገባ ምልክት ተጽፏል። ውሸት! ሁለቱም የያዙት አንዱን ቦታ ነው። ኮምፓይለሩ ግን ቃሉን አምኖ፣ በአንዱ በኩል የተቀየረውን በሌላው በኩል መልሶ አያይም፤ ቀድሞ ያነበበውን ይዞ ይቀጥላል። እትዬን ቁርጥ! ምልክቱን ሰረዝኩት። ድምፁ ጠራ። ስህተቱን ብቻውን የሚያሳዩ አሥር መስመሮች ጽፌ ላክኩ።

የዛሬው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ልክ ነሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦንላይን ተሰብስበን ኮድ እናነባለን። ነይ፣ የፈለግሽውንም ጋብዢ።»

እማዬ በሩን ዛሬም አላስከፈተችኝም፤ ቅዳሜም እዚሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የምገባው። ስለዚህ እናንተን እጋብዛችኋለሁ። ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔም ያልገባኝ ብዙ አለ፣ አብረን እንጠይቃለን።